ጨለማ ያልደረሰበት ጎን

ቀያሹ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ዓሣ ገንዳው አዙሮ ነው። ገንዳው ግን አይታይም ነበር፤ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረው ነገር በመጨረሻው ሰዓት ተሸፍኖበት መሞቱ ያሳዝናል። መርማሪዋ ግን አላዘነችም። እሷ ማዘን ካቆመች ሰንብታለች።

በምርመራ ክፍሉ «እመት ቆይ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ኮሪደር ላይ። ሌላው «ያዘው፣ እሰረው» ሲል እሷ «ቆይ» ማለት ስለምታበዛ የወጣላት ስም ነው። ድሮ ስትሰማው ትስቅ ነበር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ግን ሳቁም፣ ቁጣውም፣ የምግቡም ጣዕም ከሩቅ ሰፈር እንደሚመጣ ወሬ ሆነውባታል። ሥራዋን አላቆመችም። ሥራው ልብ አይጠይቅም፣ ዓይን ካለ ይበቃል ባይ ናት። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለውን ተረት ደፍሮ የሚያስታውሳት አልተገኘም።

ነገሩን ወደ እሷ ያመጣው ሐኪሙ ነው። የቀያሹን ልብ ለዓመታት ሲከታተል የኖረው ሐኪም አሟሟቱ አላማረውምና ደሙ ይመርመር አለ። ሲመረመር በደሙ ውስጥ የልብ መድኃኒቱ ሞልቶ ተርፎ ተገኘ። ያ መድኃኒት ደግሞ ልኩን ካለፈ የሚያክመውን ልብ ራሱን የሚያቆም ዓይነት ነው።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ይጀምራል። መድኃኒቱ ጠብታ ሲሆን፣ ጠርሙሱ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሣጥኑ ቁልፍ የሟቹ ሴት ልጅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ልጅቱ ፋርማሲስት ናት። አባቷ ክኒን መዋጥ ስላቃተው ጠብታውን ራሷ ለክታ በመጠጥ ትሰጠው ነበር። ጠርሙሱ ሲለካ የጎደለው ሐኪሙ ካዘዘው አንዲት ጠብታ እንኳ አልበለጠም። ያንኑ መጠን ደግሞ ቀያሹ ለሳምንታት ሲሰጠው ቆይቷል፤ አልጠቀመውም፣ አልጎዳውምም። ታዲያ ትናንት ያልጎዳ መድኃኒት ዛሬ ምን ነክቶት ገደለ?

ለሳጅኑ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ሳጅኑ ጡረታ የደረሰ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ግዙፍ ሰው ነው፤ መልሱን ከቢሮ ይዞት መጥቷል።

«ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሌላ ጠርሙስ አምጥታ ጨምራበት ነው፣ አለቃ።»

«ለምን ብላ?»

«በሽተኛ ማስታመም ይሰለቻላ። ሰው ናት።»

«ቆይ» አለች እመት ቆይ።

ሳጅኑ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው መቆየት የሚችለው፤ ልጅቱን ለመያዝ ከበላይ ፈቃድ አግኝቷል። እመት ቆይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አባቷን መረዘች የተባለች ፋርማሲስት ፍርድ ቤት በነጻ ቢለቃት እንኳ ከእጇ የሳል ሽሮፕ የሚቀበል ሰው አይኖርም። ለልጅቱ ያላት ጊዜ ይህች አንዲት ቀን ናት። መርማሪዋ ይህን ስታስብ ምንም አልተሰማትም፤ ሥራ እንዳለባት ብቻ አወቀች።

ከክፍሉ ጀመረች። ገንዳው አልጋ የሚያህል ርዝመት አለው፤ በብረት መቆሚያ ላይ ሆኖ የጀርባ ጎኑ ለመስኮቱ ተሰጥቷል። የቀያሹ ወንበር ከገንዳው ጋር ክንድ ለክንድ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ የተቀመጠ ሰው እጁን ቢዘረጋ ዓሦቹ የሚመገቡባትን ትንሽ ክዳን ያገኛታል። አሁን ክዳኗ አትታይም። ጥቁሩ ጨርቅ እንዲያው የተወረወረ ብርድ ልብስ አይደለም። በልክ የተሰፋ፣ ጠርዙ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ለገንዳው የተዘጋጀ ሙሉ ልብስ ነው። ማሰሪያው ከመቆሚያው ሥር፣ ወለሉ አጠገብ ተቋጥሯል። እመት ቆይ ቋጠሮውን ለመፍታት መንበርከክ ነበረባት፤ ጉልበቷም ጮኸ።

ጨርቁ ሲነሳ የባሕር ውሃ ሽታ ወጣ። ሁለት ቢጫ ዓሦች ብርሃኑን ሸሽተው ከድንጋዮቹ ጀርባ ገቡ። የፊት መስታወቱ ላይ የነበረው አልጌ፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ፣ ገርጥቶ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ግን ለምለም ነው፤ ቀንድ አውጣ ሳይቀር ሊውጥ የደረሰ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። መርማሪዋ ጨርቁን ዘርግታ አየችው። ፊት አለው፣ ሁለት ጎን አለው፣ ከላይ ጠበቅ ያለ ክዳን አለው። የመስኮቱ ጎን ግን ከመጀመሪያውም አልተሰፋለትም።

«መልሰህ ሸፍነው» አለች ሳጅኑን፤ ወደ ወጥ ቤትም ሄደች።

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋም ዝርግ ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ለአባቷ ቫኒላ የሚሸት የበሽተኛ ወተት በብርጭቆ በጥብጣ፣ ጠብታውን ለክታ ጨምራ፣ ለእናቷ እንደምትሰጥ ተናገረች። አባቷ ሲጠጣ መታየት አይወድም፤ አጠገቡ የምትቀመጠው እናቷ ብቻ ናት። ባዶው ብርጭቆ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷም አጥባው ትተኛለች። ቢሆንም አባቷ ከቀን ወደ ቀን ደከመ። ሐኪሙን እየወተወተች መጠኑን አስጨመረች። ለውጥ የለም። አሁንም አስጨመረች፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱ በደም ምርመራ ይታይልኝ አለች።

«ምርመራውን አንቺ ነሽ የጠየቅሽው?»

«እኔ ነኝ። ቀጠሮው የተያዘው ለዚህ ሳምንት ነበር።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«እናቴና አባባ። እራት ላይ ነው የነገርኳቸው። አጎቴ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አባባ ምንም አላለም። እማዬም ምንም።» ልጅቱ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካች። «የምለካው እኔ፣ የማስጨምረው እኔ፣ ቁልፉ የእኔ። ሳጅኑ የሚያስበውን አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ፈልጌ አጣሁ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ፎቁ ላይ ይኖራል። ከጉዞ የተመለሰው ወንድሙ በሞተበት ጠዋት ነው። ጎረቤት ለሳጅኑ ሹክ እንዳለው ከሆነ፣ ይህ ሰው «ገንዳውንም ባለቤቱንም አንድ ላይ በወሰደልኝ» ሲል ተሰምቷል። ሾፌሩ አልካደም። ታላቅ ወንድሙ እጁ ሲዝል ገንዳው በእሱ ላይ ተጥሎ፣ የእረፍት ቀኑን ሁሉ መስታወት ሲፍቅ ይውል ነበር።

«ያልሞከርነው የለም» አለ፣ የጋራ ጠላት እንዳገኘ ሰው ትንሽ ሞቅ ብሎ። «መብራቱን ቀነስን። የቧንቧ ውሃ ትተን የተጣራ አደረግን። ቀንድ አውጣ ገዛን። የዓሦቹን ምግብ በግማሽ ቆረጥን። ዓሦቹ ከሱ፣ አልጌው ወፈረ። ከየት እየበላ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።»

ከገንዳው ኋላ የቆመ ቱቦም አሳያት። የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ እየጠለፈ ከላይ ባለው ኩባያ የሚሰበስብ ማሽን ነው። ጉዞ እስከወጣበት ቀን ድረስ ኩባያው በየዕለቱ እየሞላ ይፈስ ነበር፤ አረፋውም የተኮማተረ ወተት ወተት፣ አንዳንዴም ኬክ ኬክ ይሸተው እንደነበር ተናገረ። ሲመለስ ኩባያውን ደረቅ አገኘው። ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ፈታው፤ ደህና ነው።

«ጨለማ ስለለበሰ ይሆን?» አለች።

«እንዲያውም አልጌ ጨለማ ውስጥ ሲሞት ይበሰብሳል፤ አረፋው መብዛት ነበረበት።»

«ጨለማ ማልበስስ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ዙሪያውን ድፍን ነው። ለጥቂት ቀናት ጭላንጭል እንዳይገባ። በአንድ በኩል ብርሃን ካገኘ ልፋትሽ ገደል ገባ። ይህን ያስተማሩኝ ወንድሜ ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር።»

«ይህን ልብስ ያለበስከው አንተ ነህ?»

«ኧረ ተሰፍቶ ነው ያገኘሁት። የእትዬ እጅ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሌላ ማን አለ?»

እትዬ፣ የቀያሹ ሚስት፣ ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ያገኘቻት የስፌት መኪናዋ ፊት ነው፤ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም፣ እግሯ ግን መርገጫው ላይ ነው። ለተጠየቀችው ሁሉ ቶሎ፣ ያለ ዕንባና ያለ ቁጣ ትመልሳለች። ጨርቁን እንደሰፋች አልደበቀችም። ባሏ ራሱ «አረንጓዴው ይሙት፣ ሸፍኚልኝ» ብሏት ነው። መጠጡንስ በደንብ ይጠጣ ነበር? አንድም ቀን አስተርፎ አያውቅም። በመጨረሻዎቹ ቀናትስ እንዴት ነበር?

«ምግብ አስጠላው። ከዚያ አረንጓዴው ራሱ ላይ ወጣ» አለች ሚስትየው። «ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ ይላል። አንሶላውን፣ የእኔን እጅ ሳይቀር ቢጫ ነው ይላል። ሰው አንድ ነገር ሲያብሰለስል እንዲያ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ይህን ያለው ገንዳው ከተሸፈነ በኋላ ነው?»

«ከተሸፈነ በኋላ።»

«ለልጅዎ ነገሯት?»

ሴትዮዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። «ደክሟት ነው የምትመጣው። ለምን አስጨንቃታለሁ?»

እመት ቆይ ውጭ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ዝናብ ያካፋል። ለሐኪሙ ደውላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ እሱም አንድ መልስ መለሰላት። ይህ ነገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚታወቅ መሆኑን፣ ፋርማሲስት የሆነ ሰው ቢሰማው ከመቀመጫው እንደሚያስነሳው ነገራት። እሷም አመሰገነችው። ነገሩ በአእምሮዋ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች ደቂቃ ደስታ ቢጤ ሽው ይላት ነበር፤ አሁን የተሰማት የዝናቡ ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ገንዳው ያለበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቱ አጠገቧ። ሾፌሩ በሩን ተደግፏል። ሳጅኑ ልጅቱን አላይ አላይ እያለ ቆመ። የቀያሹ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«አጭር ነገር ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ጠርሙሱ እውነቱን ተናግሯል። የተሰጠው መጠን የታዘዘው ብቻ ነው። ደሙም እውነቱን ተናግሯል፤ መድኃኒቱ ከአቅም በላይ ነበር። ሁለቱም እውነት ከሆኑ የሚዋሸው መካከል ላይ ያለው ነው። መካከል ላይ ያለው ደግሞ ብርጭቆው ነው። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ባዶ ሆነ ማለት ግን ተጠጣ ማለት አይደለም።»

ልጅቱ ቀና አለች።

እመት ቆይ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አልጌው ከየት እንደሚበላ ፈጣሪ ይወቀው ብለኸኝ ነበር። የሚበላው የበሽተኛ ወተት ነው። ብርሃኑን ብትቀንሱ፣ ውሃውን ብታጣሩ፣ ዓሦቹን ብታስርቡ ሊጠፋ ያልቻለው ማታ ማታ ወንድምህ ክዳኗን ከፍቶ ብርጭቆውን ስለሚገለብጥለት ነው። ኬክ ኬክ የሸተተህ አረፋ ቫኒላው ነው።»

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ገንዳውን አየ። ያን ሁሉ የእረፍት ቀን ሲፍቅ የኖረው የወንድሙን እራት ኖሯል።

«ስለዚህ መድኃኒቱ አልጠቀመም፣ አልጎዳምም፤ አልተጠጣማ። ሐኪሙ ከፍ አደረገ፤ ከፍ ያለውም ዓሦቹ ዘንድ ገባ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር እየበረታ ሄዶ፣ ተጠጥቶ ቢሆን የሚገድል ደረጃ ላይ ደረሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ይህ ሁሉ ማንንም ሳይገድል የቆየው ክዳኗ ክፍት ስለነበረች ነው። አንድ ቀን ተዘጋች።»

ጥቁሩን ጨርቅ በእጇ ነካች።

«ይህ ልብስ አልጌ ለመግደል ተሰፋ ተብያለሁ። አልጌ የሚገድለው ጨለማ ዙሪያውን ድፍን ነው። እዚህ ግን ብርሃን የሚገባበት የመስኮቱ ጎን ክፍት ነው፣ አልጌውም ለምለም ነው። የለካው ሰው ልክ የማያውቅ ቢሆን ተሳስቶ ነው እል ነበር። ልብስ ሰፊ ግን አንዱን ጎን ረስታ አትሰፋም። የተሸፈነውን እዩት፤ በወንበሩ በኩል ያለው፣ ፊቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክዳኑ። ቋጠሮው የታሰረው ወለሉ አጠገብ ነው፤ እኔ ተንበርክኬ ነው የፈታሁት፣ በሽተኛ አይደርስበትም። ልብሱ የተሰፋው ብርሃን እንዳይገባ ሳይሆን እጅ እንዳይገባ ነው። ቀያሹ ስፊልኝ አለ መባሉም አያስኬድም፤ ጨለማ ድፍን መሆን አለበት ብሎ ወንድሙን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ልብሱ ከለበሰ ወዲህ የአረፋው ኩባያ ደረቀ። ብርጭቆው ግን አሁንም ባዶ ሆኖ ይመለስ ነበር። የት ገባ?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

«የሰፋው ሰው ወተቱ እንደሚደፋ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ማወቅ የሚችለው ማታ ማታ አጠገቡ የሚቀመጥ ብቻ ነው። ልጅቱ ብታውቅ ኖሮ ምርመራ አትጠይቅም ነበር፤ ገዳይ ብትሆን ደግሞ ደሙ እንዲታይ ራሷ ቀጠሮ አትይዝም። ሾፌሩ አልነበረም፤ ቢኖርና ቢሸፍነው የመስኮቱን ጎን አይተውም። ባልዎ በመጨረሻ ጊዜ ሁሉን አረንጓዴና ቢጫ አድርጎ ማየቱ አልጌ እያብሰለሰለ አይደለም፣ እትዬ። መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይንን እንዲያ ያደርጋል። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ።»

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች። በዝግታ ነው የዞረችው።

«ቢጫ ነው ይል ነበር?»

እናትየው እጆቿን እያየች ነበር። ስትናገር ድምፅዋ ጨርቅ ስትለካ ቁጥር እንደምትጠራ ነው። ባሏ ወተቱ እንደሚያቅለሸልሸው ከነገራት ቆይቷል። የልጄን ልፋት ፊቷ ላይ አልደፋውም፣ እሷን ከማሳዝን ዓሦቹ ይጠጡልኝ ብሎ ለመናት። እሷም እሺ አለች። በየማታው ብርጭቆውን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ «ጠጥቷል» ትላለች፤ ልጅቱም «ጎሽ» ትላለች። መጠኑ ሲጨመርም ሰምታለች። እሷ የሚመስላት ግን የሚጨመረው ለዓሦቹ ነው።

«ምርመራ አለ ስትይኝ» አለች ወደ ልጇ ሳትዞር፣ «ደሙ ባዶ መሆኑ ሊታይ ነው። ያን ሁሉ ማታ እንደዋሸሁሽ ልታውቂ ነው። እስከ ቀጠሮው ድረስ ትንሽ ቢገባለት ብዬ ነው። ዘጋሁበት፣ ብርጭቆውን ይዤ እስኪጨርስ ቆምኩ። መጀመሪያ ተቆጣኝ። ከዚያ ጠጣ። ደሙ ውስጥ እንዲገኝ ነው እንጂ እንዲሞት ብዬ አይደለም።»

«እንዲሞት ብለው እንዳልሆነ አምናለሁ» አለች መርማሪዋ። «ከሞተ በኋላስ? ሳጅኑ ልጅዎን ሲጠይቃት እዚህ ነበሩ። የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእናትን ወደ ልጅ ሲያደርጉት ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ነው። አፌ አልከፈት አለኝ። ምንም ነገር አይሰማኝም። እሱ ከሞተ ጀምሮ እጄ የእኔ አይመስለኝም።»

እመት ቆይ ይህችን ሴት ልትጠላት ፈለገች፤ አልቻለችም። እጄ የእኔ አይመስለኝም ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ብላ ተመኘች።

ልጅቱ አሁንም እናቷን እያየች ነው።

«ቢጫ ነው ሲል ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች። «ሌላ ምንም ሳትይኝ። መዋሸትሽን ሳትናገሪ። አባትሽ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖበታል ብትይኝ፣ ያን ማታውኑ ሆስፒታል አስገባው ነበር። ይድን ነበር።»

«አላወቅሁማ።»

«አላወቅሽም። እኔ ነኝ የማውቀው። ለእኔ ነበር መንገር።»

«ታፍሪብኛለሽ ብዬ ነው» አለች እናቷ።

ሾፌሩ ከበሩ ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ሳጅኑ ኮፍያውን ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ ከዚያ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚል ስላላወቀ ለስለስ አድርጎ «እንሂድ፣ እናቴ» አለ። ሚስትየው ተነሳች። በቤት ነጠላ ጫማ ነበረች፤ ውጭ ደግሞ ዝናቡ በርትቷል። የውጭ ጫማዋን ከበሩ ሥር አውጥታ እግሯን አስገባች፤ ልታስረው ጎንበስ ብትል ጣቶቿ ማሰሪያውን አልያዝ አሉ። በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ሴት ክሩን ከክሩ ማገናኘት አቃታት።

ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ መጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ የአንዱን ጫማ ማሰሪያ አሰረች፣ ጠበቀ ላላ ብላ አልጠየቀችም፤ ሁለተኛውንም አሰረች። እናቷ እጇን ጸጉሯ ላይ ልታሳርፍ ስትዘረጋ ራሷን ዞር አደረገች። ተነስታ ጃንጥላውን ለሳጅኑ ሰጠችው።

«ብርድ አይስማማትም» አለችው፤ በሩንም ዘጋች።